«አይነገራቸው» ተብሎ ስለ ተነገራቸው እናት

ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.
እንጅባራ (ቆሰበር)

ለተከበረው የቋንቋው ጠባቂ ኮሚቴ
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ አንድን ትእዛዝ በሁለት ዓይነት መንገድ መቀበል እንዲቀር ስለ መወሰናችሁ ምስጋና ስለ ማቅረብ፣ እግረ መንገዱንም ጥቂት ቅሬታ

ክቡራን ሆይ፣

እናንተም፣ ቤተሰባችሁም፣ የምትሠሩባቸው ኮምፒውተሮችም ደኅና ናችሁ ወይ? እኔ በዚህ በደጋው ጉም ውስጥ መብራት ባልጠፋበት ሰዓት ሁሉ ደኅና ነኝ ማለት ይቻላል። ስሜ ይሄነው ሀብቱ ይባላል። ከመናኸሪያው ወረድ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ የተቆለፈ ስልክ እከፍታለሁ፤ ከዚህ በተረፈኝ ጊዜ ደግሞ በእናንተ ቋንቋ የኮምፒውተር ፕሮግራም እሠራለሁ። እናንተ አታውቁኝም። እኔ ግን የእያንዳንዳችሁን ስም በየውሳኔው ግርጌ ሳነብ ስለኖርሁ እንደ ጎረቤት ነው የማውቃችሁ፤ ደፍሬ የምጽፍላችሁም በዚሁ ጉርብትና ነው።

ደብዳቤው ግልጽ በመሆኑና የሰፈሬም ሰዎች ስለሚሰሙት፣ እናንተ ጠንቅቃችሁ የምታውቁትን ነገር ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ታገሡኝ፤ ትዕግሥት እንደሆነ በእናንተ ዘንድ ሞልቶ የተረፈ ነው፤ አንድን ስሕተት ስንት ዓመት እንደታገሣችሁ አይቻለሁና። በቋንቋችሁ ውስጥ ፕሮግራም ራሱን በመስታወት እንደሚያይ ሰው ውስጡን የሚመረምርበት፣ ምን ምን እንደያዘ የሚያውቅበት፣ ሲያስፈልግም የሚለውጥበት ክፍል አለ። በዚያ ክፍል በኩል በአንድ ሰው መዝገብ ላይ ምልክት ለማድረግ የፈለገ ሁለት ነገር ይሰጣል፦ ሰውየውንና ምልክቱን። እናንተ ግን ሰውየውን ሳይጠራ ምልክቱን ብቻ ይዞ የመጣውንም አትመልሱትም ነበር። ማንን ማለትህ ነው ብላችሁ በመጠየቅ ፈንታ፣ ሁሉንም ማለቱ ይሆናል ብላችሁ ምልክቱን በሁሉም ላይ ትለጥፉለት ነበር። አምና ግን ይህ አጻጻፍ ከእንግዲህ እንዳይመከር፣ ወደፊትም ጨርሶ እንዲቀር ወስናችኋል። እሰየው! እጃችሁ ይባረክ።

ይህ ለእኔ ምኔ እንደሆነ ለመረዳት ስለ ጋሽ ክንዴ ማወቅ ይኖርባችኋል። ጋሽ ክንዴ የሰፈራችን ዕድር ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። በእኛ አገር የሞት ዜና እንደ ሌላው ዜና አይነገርም። የሟች እናት ወይም ልጅ ወይም እኅት ከሰው ሁሉ መጨረሻ ነው የሚሰሙት፤ ሲሰሙም ብቻቸውን አይደለም። ዘመድ ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሲወድቁ የሚይዛቸው ሰው በግራ በቀኝ ቆሞ፣ ብዙውን ጊዜም ጎሕ ሲቀድ በራቸው ተንኳኩቶ ነው መርዶው የሚነገራቸው። ጋሽ ክንዴ ሰፈሩን ሲዞሩ መርዶ ገና ወዳልተነገረበት ቤት ሲቃረቡ ጥሩምባቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ይከቱና እንደ መንገደኛ ዝም ብለው ያልፋሉ። ፊደል አልቆጠሩም። የትኛው በር ላይ ዝም እንደሚባል ግን አንድ ቀን አልተሳሳቱም።

ከሁለት ዓመት በፊት እኔ ብልጡ የጋሽ ክንዴን ሥራ ለፕሮግራም ሰጠሁት። ሰው ሲሞት ለዕድሩ አባላት ሁሉ በስልክ አጭር መልእክት ይላካል። በየአባሉ ስም አጠገብ «ይነገራቸው» ወይም «አይነገራቸው» የሚል ምልክት አለ፤ ሐዘኑ የቤታቸው የሆነ ሰዎች መርዶው በወጉ እስኪነገራቸው ድረስ «አይነገራቸው» ይባላሉ፤ ከዚያ ምልክቱ ይነሣላቸዋል። ዕድሩ አጨበጨበልኝ። ጋሽ ክንዴም ከኋላ ቆመው አጨበጨቡልኝ። አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ።

አንደኛ፦ ቅር ያሰኘኝ ደግነታችሁ ነው። ምልክት የማድረጊያውን ትእዛዝ ስጽፍ፣ ሰውየውንም ምልክቱንም ሰጥቼ በወጉ ጻፍሁት። ምልክት የማንሻውን ስጽፍ ግን ወደ ዳንግላ የሚሄድ ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ሆነ፤ የጓደኛዬ ሠርግ ነበረ። አንዲት ቃል ዘለልሁ፦ የሰውየውን ስም። እናንተም አንዲት ቃል ሳትናገሩ ተቀበላችሁኝ። ስለዚህ የአንድ ሰው ምልክት ሲነሣ የሁሉም ምልክት አብሮ ይነሣ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህ አልታወቀም፤ ሰፈራችን እግዜር ይስጠውና ሁለት ሐዘን ባንድ ሳምንት አላየም ነበር፤ ምልክቱን የሚሸከመውም በየጊዜው አንድ ቤት ብቻ ነበር። ያን ዕለት ስሙን ካልጻፍህ አልፈጽምልህም ብትሉኝ ኖሮ ሚኒባሱ ያመልጠኝ ነበር፤ ከዚያ የባሰ ምንም አልሆንም ነበር። ለእንግዳ ፊት አልነሣችሁምና ምስጋና ይነፈጋችሁ የሚል ግን የለም።

ሁለተኛ፦ ነገሩ ስሕተት መሆኑን ከደረሳችሁበት በኋላ ተሰበሰባችሁ፣ ተከራከራችሁ፣ ድምፅ ሰጣችሁ፣ ጥንቃቄያችሁንም ሁሉ አስተባብራችሁ በመጨረሻ አንድ መስመር ቢጫ ጽሑፍ እንዲወጣ ወሰናችሁ። ቢጫ! «ይህ አጻጻፍ ከእንግዲህ አይመከርም፤ ለማን እንደሆነ ግለጽ» ይላል። ከዚያ ሥራው እንደ ልማዱ ይቀጥላል። ማንንም እንዳታስቀይሙ፣ የማንም ፕሮግራም ድንገት ቆሞ እንዳያፍር አስባችሁ መሆኑ ይገባኛል። እኔንም አላሳፈራችሁኝም። ስለዚህ ውለታችሁ ምን እንደምል አላውቅም።

ሦስተኛ፦ ቢጫውን ጽሑፍ የላካችሁት ለማይገባው ሰው ነው። ባለፈው ዓመት በዕድሩ ኮምፒውተር ላይ አዲሱን እትማችሁን ስጭን ጽሑፉ ከአባላቱ ዝርዝር በላይ ብቅ አለ፤ መጀመሪያ ያዩትም የዕድሩ ጸሐፊ መምህርት ደጊቱ ናቸው። መምህርት ደጊቱ አንደኛ ክፍል ፊደል ያስቆጠሩኝ ሴት ናቸው። ፈተና ስንፈተን መልሳችን ምንም ያህል ልክ ቢሆን ራስጌው ላይ ስም የሌለበትን ወረቀት አያርሙም ነበር፤ ስምህን ጽፈህ ና ብለው ይመልሱታል። እንግሊዝኛውን ፊደል በፊደል በወረቀት ገልብጠው ሱቄ ድረስ ይዘውልኝ መጡ፣ «ለማን እንደሆነ ግለጽ» ነው የሚለው፣ የጎደለ ነገር ቢኖር ነው፣ እስቲ እየው አሉኝ። አየዋለሁ አልሁ። ከወር በኋላ ሌላ ወረቀት ይዘው መጡ። ያን ጊዜም አየዋለሁ አልሁና ጆሮ ዳባ ልበስ አልሁ። የዕድሩ ዳኛ አቶ አዝመራው ደግሞ ይህ ቢጫ ነገር ምንድን ነው ብለው በሰው ፊት ሲጠይቁኝ፣ ቋንቋው ራሱ ስላረጀ ነው፣ ምንም አይደል ብዬ በእናንተ አሳበብሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።

አራተኛ፦ በቋንቋችሁ ውስጥ ከትእዛዝ ፊት የምትደረግ አንዲት ትንሽ ምልክት አለች፤ እሷን ያደረገ ሰው ከዚያ ትእዛዝ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ አይወጣበትም። አፍ የምታስይዝ ምልክት ናት። እኔም አቶ አዝመራው በጠየቁኝ ማግስት እሷን አደረግሁበትና ቢጫው ጠፋ፤ ገጹ ጠራ፤ መምህርት ደጊቱም አስተካከልኸው፣ ተባረክ ብለው መረቁኝ። ክቡራን ሆይ፣ የጎደለችውን አንዲት ቃል መጨመርና ያቺን ምልክት ማድረግ እኩል ድካም ነው። እንዲያውም ቃሏን መጨመር ይቀል ነበር። እንዲህ ያለ መሣሪያ ለእንደ እኔ ያለ ሰው ሲሰጥ መታወቂያ አይጠየቅም ወይ?

አሁን ጥቅምት 15 ቀን ቅዳሜ የሆነውን ልንገራችሁ። ኪዳኑ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ጫግኒ ወርዶ እህል ይጭንና ያራግፍ ነበር። ቆላው ወባ አስያዘው፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አረፈ። እናቱ ወይዘሮ እመቤት መታመሙን እንጂ ሌላ አልሰሙም፤ ቅዳሜ ማለዳ ድንቻቸውን ይዘው ጥሊሊ ገበያ ሄደዋል። ስለዚህ አቶ አዝመራውና የወይዘሮ እመቤት እኅት፣ ሁለት ሽማግሌም ጨምረው፣ ሰበብ ፈጥረው ወደ ቤታቸው ሊመልሷቸውና በዘመድ መካከል ሊነግሯቸው ሚኒባስ ተሳፈሩ። መምህርት ደጊቱም ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው በወይዘሮ እመቤት ስም ላይ «አይነገራቸው» የሚለውን አደረጉ። ቀጥሎም በዚያው ሳምንት ወንድማቸው የተቀበረባቸው አቶ ባምላክ መርዶው ከተነገራቸው ስለቆየ የሳቸውን ምልክት አነሡ። ሁለት ሐዘን ባንድ ሳምንት! ከዚያ «ላክ» የሚለውን ነኩ።

መልእክቱ ከሚኒባሱ ቀደመ። ወይዘሮ እመቤት ማንበብ አይችሉም፤ አማርኛውም ብዙ አይመጣላቸውም። ስልካቸው ሲጮህ አጠገባቸው ሳሙናና ባትሪ ለምትሸጠው ለወርቅነሽ ሰጧት። ልጄ ነው፣ ተሻለኝ ሊለኝ ነው፣ እስቲ አንብቢልኝ አሏት። ወርቅነሽ ድንች ሻጯን በመልክ እንጂ በስም አታውቃቸውም። እያነበበች ወደ አገውኛ መለሰችላቸው፦ የዕድራችን አባል የወይዘሮ እመቤት ልጅ ኪዳኑ ስላረፈ፣ አስከሬኑም ዛሬ ስምንት ሰዓት ከጫግኒ ስለሚገባ፣ አባላት ሁሉ መንገድ ላይ እንድትገኙ ይላል አለቻቸው። አንብባ ስትጨርስም እመቤት የሚባሉ ሰው ያውቁ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

እነ አቶ አዝመራው ሲደርሱ ወይዘሮ እመቤት መሬት ላይ ተቀምጠው የማያውቋቸው ሰዎች ይዘዋቸው ነበር። ወርቅነሽ እስከ ዛሬ ድረስ ራሷን ትረግማለች አሉ። ወይዘሮ እመቤት አልተቆጡም፤ ለቅሶው ላይ ደጋግመው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እኔ ሰው የለኝም ወይ፣ ወደ እኔ የሚመጣ አንድ ሰው ጠፋ ወይ ነው የሚሉት። እኔም ድንኳኑ ውስጥ ከሰው ጋር ተደርድሬ ተቀምጬ ሰማኋቸው። አፈር በበላሁ!

አምስተኛ፦ ይህኛው ቅሬታ በእናንተ ላይ አይደለም።

ከሠልስቱ በኋላ ዕድሩ ተሰብስቦ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ስጠየቅ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ኔትወርክ ነው አልሁ። እዚህ አገር ኔትወርክ ነው ከተባለ ሰው ሌላ አይጠይቅም፤ ስንት ጥፋት በሱ ጫንቃ እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። አቶ ባምላክ ግን ኔትወርክ ሰው ይመርጣል ወይ ብለው ጠየቁ። ያኔ የሰው ዓይን ሁሉ ወደ መምህርት ደጊቱ ዞረ። ምልክቱን አድርጌያለሁ አሉ መጀመሪያ። ቀጥለው ያደረግሁ ይመስለኛል አሉ። በመጨረሻ፣ ኪዳኑም ያስተማርሁት ልጅ ነውና ያን ዕለት እያለቀስሁ ነበር፣ ረስቼው ይሆናል ብለው ተቀመጡ። ተነሥቼ አንዲት ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ምላሴን ዋጥሁ።

በሳምንቱ ሰኞ መምህርት ደጊቱ ሱቄ መጡ። መዝገቡ ውስጥ ያደረግሁት ምልክት ይታይ እንደሆነ እስቲ እይልኝ፣ ዕረፍት አጣሁ አሉኝ። ከፈትሁት። አለ። ሰዓቱ፣ የወይዘሮ እመቤት ስም፣ «አይነገራቸው» የሚለው፣ የመዝጋቢዋ ስም፣ ሁሉም አለ፤ ከሥሩም የኔ ስም አልባ ትእዛዝ ሁሉን ሲያነሣው ይታያል። እሳቸው ከጠረጴዛው ወዲያ ቆመው ፊቴን ነው የሚያዩት። እኔም አይታይም አልኋቸው። እንግዲያው እኔው ነኝ አሉና ስለ ድካሜ አመስግነውኝ ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ጸሐፊነቱን ትተዋል። ሐዘን ቤቱ በሄዱ ቁጥር ወይዘሮ እመቤት፣ ሃያ ዓመት አብረዋቸው በልተው የጠጡት፣ ደጊቱ ረሳችኝ ብለው ፊታቸውን ያዞሩባቸዋል። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ይቀመጡና በሰዓቱ ይወጣሉ፤ በማግስቱም ይሄዳሉ። እኔ ይህን እያየሁ ይኸው አንድ ወር ሊሞላኝ ነው። ፕሮግራሙን ማረሙ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ ያችን ቃል በዚያው ቅዳሜ ማታ ጨምሬያታለሁ። የሚብሰውም ይኸው ነው፤ ማረም ያቃተኝ ሰው እንጂ ፕሮግራም አልነበረም።

መጀመሪያ ይህን ደብዳቤ ስጀምር፣ እውነቱን ልናገርና፣ ጥፋቱን በእናንተ ላይ ላራግፍ ነበር። እስከ አራተኛው ቁጥር ድረስ ጥሩ ሄዶልኝ ነበር። ዳሩ ግን እያንዳንዱን ቅሬታ ጽፌ ስጨርስ መጨረሻው ላይ የተቀመጥሁት እኔው ሆንሁ። እናንተ አስጠንቅቃችኋል። ለስላሳ ብትሆኑም ተናግራችኋል። ስለዚህ ከታላቅ አክብሮት ጋር የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ በሚቀጥለው እትማችሁ ቢጫውን ቀይ አድርጉት፤ ስም ያልጻፈውን አቁሙት፤ ፕሮግራሙ ይቁም፣ ባለቤቱም በሰው ፊት ይፈር። ማፈር ምንም አይደል። እኔ ሞክሬው አላውቅም እንጂ እንደማይገድል ሰምቻለሁ።

ስለ ቸርነታችሁ፣ ስለ ትዕግሥታችሁ፣ ፊት ስላለመንሣታችሁ፣ አፍ ስለምታስይዘው ምልክትም ጭምር ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያመሰገንሁ፣ የምትሰበሰቡበት አዳራሽ ሁልጊዜ የሚሞቅ፣ ድምፅ የምትሰጡበትም ነገር ሁሉ ከገበያ መሀል የራቀ እንዲሆንላችሁ የምመኝ፣

ስሙን ከወረቀቱ ራስጌ መጻፍ ተምሮ የዘነጋው፣
ይሄነው ሀብቱ

ግልባጭ፦
ለዕድሩ ዳኛ ለአቶ አዝመራው፤ ነገ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በስብሰባው ላይ፣ እኔ ባለሁበት፣ እንዲነበብ።
ለመምህርት ደጊቱ፤ በእጃቸው። ከዚህ በፊት ሁለት ወረቀት አምጥተውልኝ ነበር፤ ይህ ሦስተኛው፣ የእኔ ምላሽ ነው።
ለወይዘሮ እመቤት፤ ግልባጭ አይላክላቸውም፤ በስልካቸውም ምንም አይላክላቸውም። ነገ ጎሕ ሲቀድ ጋሽ ክንዴን ይዤ በራቸውን አንኳኩቼ፣ ደጊቱ እንዳልረሳቻቸው በአፌ እነግራቸዋለሁ። ጋሽ ክንዴ አብሬህ እሄዳለሁ ብለውኛል፤ ለምን እንደሆነ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሰምተውኝ ጋቢያቸውን ደረቡ።

ማስታወሻ፦ ቢጫው ጽሑፋችሁ አንድ ዓመት ሙሉ የጠየቀኝ ነገር ቢኖር «ለማን እንደሆነ ግለጽ» የሚል ነው። ስለ መዘግየቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከመዝገቡ እንዳለ ቀድቼ እነሆ ገለጽሁ፦

ጥቅምት 15፣ ከጠዋቱ 2፡40። ወይዘሮ እመቤት። አይነገራቸው። መዝጋቢ፦ ደጊቱ።
ጥቅምት 15፣ ከጠዋቱ 2፡52። (ስም አልተጻፈም)። ይነገራቸው።

በሁለተኛው መስመር ላይ ስም የጎደለበት ቦታ አለ። የእኔ ይግባበት።